ከአስፋልቱ ሥር ስላለው መሬት

ከጎጃም እህል ወደ አዲስ አበባ የሚያስመጣ፣ ከአዲስ አበባም ቆርቆሮና ጨው ወደ ባሕር ዳር የሚልክ ነጋዴ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለመኪናም ለሾፌርም እጅግ የከበደ ነው። ለዚህም ዘወትር አቀበቱና ቁልቁለቱ ይወቀሳሉ፤ ዋናው ምክንያት ግን ከአስፋልቱ ሥር ይገኛል።

የሸለቆው አፋፍ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከእርሱ ዝቅ ብሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በታች ጀሶና ውሃ ሲነካው የሚላላ ንብርብር ድንጋይ አለ። ጀሶ የሚሸጥ ባለሱቅ ዕቃውን ከእርጥበት ይጠብቃል፤ ገደሉ ግን ጠባቂ የለውም። ከላይ ተንዶ በተዳፋቱ ላይ የተከማቸው አፈርና ናዳ በክረምት ውሃ ሲጠግብ በዝግታ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም አብሮት ይሄዳል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ መንገዱ ታድሶ፣ 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ፣ መንገዱ በየቦታው ከመሰንጠቅና ከመስመጥ አልዳነም። እንዲህ ባለው ስፍራ ለከርሰ ምድሩ ውሃ መውጫ ሳያበጁ አስፋልት ደጋግሞ ማልበስ ገንዘብን ገደል መስደድ ነው።

ይህም በመንገድ ብቻ የሚታይ አይደለም። 26 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የግልገል ጊቤ 2 የውሃ ዋሻ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ዓ.ም. በተመረቀ በቀናት ውስጥ ከፊሉ ተደርምሶ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ለወራት ሥራ አቁሞ ነበር።

የከርሰ ምድር ጥናት ጊዜ ይፈጃል፣ መንገድ ግን ዛሬ ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የምርመራ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው የሥራ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው። ያልተከፈለው ሒሳብ በኋላ በተሰበረ ባሌስትራ፣ በፈነዳ ጎማና በናረ የጭነት ኪራይ ተመልሶ ይመጣል፤ ከፋዩም በመጨረሻ ሸማቹ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች አዲስ መንገድ እንዲሠራላቸው በሚጠይቁበት ጊዜ፣ መሬቱ ምን ያህል በጥልቀት እንደ ተመረመረ አብረው ሊጠይቁ ይገባል።

መጋዘን የሚያሠራ ነጋዴም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለ በቂ መሠረት የቆመ ግድግዳም እንደዚሁ ይሰነጠቅና፣ በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ በዚያው ስንጥቅ ገብቶ የስኳሩን ጆንያ ያገኘዋል።