የተሞላ ቅጽ የቡድን ንግግርን አይተካም

በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚፈጠር ስሕተት ሁልጊዜ ከዕውቀት ወይም ከእጅ ሙያ ማነስ አይመነጭም። አንዱ የቡድን አባል ያየውን ሌላው በሚያስፈልገው ሰዓት ሳይሰማ ሲቀርም ታካሚ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አንዱ ዓላማ ይህን ክፍተት መዝጋት ነው። 19 ነጥቦችን የያዘው ይህ ዝርዝር ቡድኑ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ በቃል እንዲነጋገር ይጠይቃል።

ውጤቱ ግን በየቦታው አንድ ዓይነት አልሆነም። የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት፣ የታካሚዎች ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በአንጻሩ በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በ101 ሆስፒታሎች ላይ ተካሂዶ በ2014 የታተመው ጥናት ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ለልዩነቱ የጥናቶቹ ስልትም አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ቅጹ መሞላቱ ሳይሆን ንግግሩ መደረጉ ነው።

ይህን እምነት ያገኘሁት ከንባብ ብቻ አይደለም። ለሁለተኛ ዲግሪ ከመምጣቴ በፊት በነርስነት ባገለገልሁበት ሆስፒታል፣ አንድ ቀን ቅጹ ላይ «ተሰጥቷል» ተብሎ ምልክት የተደረገበት የኢንፌክሽን መከላከያ አንቲባዮቲክ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አየሁ። ሐኪሙ ምላጩን ይዘዋል፤ ሌሎቹም ዝም ብለዋል፤ እኔም ዝም አልሁ። ከቀናት በኋላ የታካሚዋ ቁስል አመረቀዘ። መንስኤው የእኔ ዝምታ ነው ብዬ መደምደም አልችልም፤ አይደለም ብዬም ራሴን ማጽናናት አልቻልሁም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ያደግን ሰዎች በታላላቆቻችን ፊት መናገርን እንደ ድፍረት እንቆጥረዋለን። ሆኖም አክብሮትና ማስጠንቀቅ አይጋጩም። «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝ፤ መድኃኒቱ አልተሰጠም» ማለት አንቱታን ሳያጓድል ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ይህ የቀዶ ሐኪሙን ሥልጣን ያሳንሳል የሚል ሥጋት ይነሣል። ውሳኔው ግን የእርሳቸው እንደሆነ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው ሙሉ መረጃ ይዘው መወሰናቸው ነው። የታካሚው ወረፋ ረጅም ነው የሚለውም ክርክር፣ የጥቂት ደቂቃ ንግግር ከድጋሚ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ሚዛን አይደፋም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሕክምና፣ የነርሲንግና የሰመመን ተማሪዎች መጀመሪያ የሚገናኙት በታካሚ ፊት መሆን የለበትም፤ በተግባር ልምምድ ላይ አብረው ይሠልጥኑ። ሁለተኛ፣ የቡድኑ አንጋፋ ባለሙያ ሥራው ሳይጀመር «ያያችሁትን ንገሩኝ» ብሎ በሩን ይክፈት፤ ከበታች ሆኖ የሚናገር ሰው ፈቃዱን አስቀድሞ መስማት ይፈልጋልና። ሦስተኛው ለእኛ ለተመራማሪዎች ነው፤ የአጠቃቀም ምጣኔን ከታካሚ መዝገብ ብቻ የሚቆጥር ጥናት የእኔን የዚያን ቀን ቅጽ «በትክክል የተሞላ» ብሎ ይመዘግበዋል። ክፍሉ ውስጥ ገብተን ማን እንደተናገረና ማን እንደሰማ እስካልመዘገብን ድረስ፣ የምንለካው ወረቀትን እንጂ ደኅንነትን አይሆንም።