ባቡሩ ቢሄድም መንገዱ ይቆይ

ስለ መንገድ ዕድገት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ በአእምሯችን የሚመጣው አስፋልት ነው። ጠጠር የለበሰ መንገድ እንደ ጅምር ሥራ፣ አስፋልት እስኪደርሰው ወረፋ እንደሚጠብቅ መንገድ ይቆጠራል። ይህ አመለካከት ለመኪና መንገድ ያስኬድ ይሆናል። መኪና ለማይገባበት መንገድ ግን እንደማይሠራ የሚያሳይ አንድ የባሕር ዳርቻ አገር አለ። ይኸውም በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የገባው የኮርንዎል ልሳነ ምድር ነው። በዚያ ለብስክሌተኞች፣ ለእግረኞችና ለፈረስ ጋላቢዎች የተተዉ የጠጠር መንገዶች በየዓመቱ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስተናግዳሉ።

በእኛ እምነት የእነዚህ መንገዶች ስኬት ምስጢር በጠጠሩ ጥራት ወይም በአገሩ ሀብት ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ዋናው ሀብት ጠጠሩ ያረፈበት መደብ፣ ማለትም ከመቶ ዓመት በፊት የባቡር መሐንዲሶች ቆርጠውና ደልድለው ያለሰለሱት ተዳፋት ነው። ይህ መደብ አንድ ጊዜ ከተቆራረጠ በቀላሉ መልሶ አይገኝም። ስለዚህ አገልግሎቱን የጨረሰ የባቡር መስመር ያለው ሕዝብ ሁሉ ቢያንስ መደቡን ሳያፈርስ ማቆየት ይገባዋል እንላለን።

ከአሸዋ ጭነት እስከ ብስክሌት

ከእነዚህ መንገዶች ይበልጥ የታወቀው በካሜል ወንዝ ዳር የተዘረጋው የ29 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። (የወንዙ ስም ከአካባቢው ጥንታዊ ቋንቋ የመጣ እንጂ ከግመል ጋር ዝምድና የለውም።) መንገዱ ከፓድስቶው ወደብ ተነሥቶ የወንዙን ሰፊ አፍ እየተከተለ ዌድብሪጅ ይደርሳል። ከዚያም በቦድሚን አቅራቢያ አልፎ በጫካው ሸለቆ ወደ ደጋው ያቀናል።

የዌድብሪጅና የቦድሚን ባቡር እ.ኤ.አ. በ1834 ሲከፈት ከዋና ዋና ጭነቶቹ አንዱ አሸዋ ነበር። አሸዋን በባቡር ወደ እርሻ ማጓጓዝ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የወንዙ አፍ አሸዋ በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ስባሪ፣ ማለትም በካልሲየም ካርቦኔት የበለጸገ ነው። የደጋው አፈር ደግሞ አሲዳማ ነው። ገበሬው አሸዋውን በማሳው ላይ ሲበትን አሲዱ ይረግብለታል። መስመሩ እስከ ፓድስቶው የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን፣ የመንገደኛ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1967፣ ካኦሊን የተባለውን ነጭ ሸክላ የሚያመላልሰው የጭነት ባቡርም እ.ኤ.አ. በ1983 ቆመ።

ሁለተኛው መንገድ ከሰሜኑ የፖርትሪዝ ወደብ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ዴቮራን ድረስ ልሳነ ምድሩን ያቋርጣል። ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1809 የተጀመረውንና በፈረስ የሚጎተቱ ፉርጎዎች የመዳብ ማዕድን ወደ ወደብ ያወረዱበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1826 ደግሞ የተከፈተ ሌላ ሐዲድ ያለፈበትን መስመር የሚከተል ነው። የአካባቢው የማዕድን ምድር እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመንገዱ ዳር አንዳንድ ቦታ ሣር እንኳ አይበቅልም። ምክንያቱም ከማዕድኑ የተረፈው አፈር መዳብና አርሴኒክ አለበት።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አይሆንለትም። የጥንት መሐንዲሶች ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ የሚጨምር መንገድ የሠሩት ለዚህ ነው። ለባቡር የተደረገው ይህ ጥንቃቄ ለብስክሌተኛው ምን ያህል ውለታ እንደዋለ በፊዚክስ ትምህርታችን ማስላት እንችላለን።

ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል። በደልዳላ አስፋልት ላይ የጎማውንና የነፋሱን ተቃውሞ ለማሸነፍ 40 ዋት ገደማ ይበቃዋል። በደንብ በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ደግሞ የጎማው ተቃውሞ እጥፍ ቢሆን እንኳ 60 ዋት ገደማ ቢያወጣ ነው። በሌላ አነጋገር ጠጠር በብስክሌተኛው ላይ የሚጥለው ተጨማሪ ሸክም በ100 ሜትር ግማሽ ሜትር ብቻ ከሚወጣ ለስላሳ ዳገት ጋር እኩል ነው።

አሁን ደግሞ በኮርንዎል የገጠር መንገዶች እንደሚያጋጥመው፣ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ አስፋልት እናስብ። በዚያው ፍጥነት ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 370 ዋት ይጠጋል። ፍጥነቱን ወደ 6 ኪሎ ሜትር ቢቀንስ እንኳ ከ130 ዋት በታች አይወርድም። ልምምድ የሌለው ጤነኛ ሰው ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያወጣ የሚችለው በግምት 100 ዋት ነው። እንግዲህ ልጅ፣ አዛውንትና ጀማሪ ብስክሌተኛ የሚጓዙበትን መንገድ የሚወስነው ከአስፋልቱ ይልቅ ተዳፋቱ መሆኑን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ጠጠሩ ለምን ይበረክታል?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ የተጓዘ ሁሉ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ሲሸበሸብ፣ ክረምት ሲገባም ሲቦረቦር ያውቃል። ታዲያ የኮርንዎሉ እንዴት ይሰነብታል? ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው።

አንደኛው የመኪና አለመኖር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተካሄደው ታላቅ የመንገድ ሙከራ፣ በመንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት ከአክስል ጭነት አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ እንደሚያድግ ታውቋል። የመኪና አክስል 600 ኪሎ ግራም፣ የብስክሌት ጎማ 40 ኪሎ ግራም ቢሸከም ልዩነቱ 15 እጥፍ ነው። የ15 አራተኛ ርቢ 50,625 ይሆናል። ሙከራው በከባድ መኪናዎችና በተነጠፉ መንገዶች ላይ የተደረገ በመሆኑ ቁጥሩን ለብስክሌት እንደ አመልካች ብቻ እንውሰደው። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ተዳፋቱ ነው። ጎርፍ ጠጠርን ጠርጎ የሚወስደው ቁልቁል ሲያገኝና ፍጥነት ሲጨምር ነው። በለስላሳ ተዳፋት ላይ፣ ያውም ጥንት ለባቡሩ የተሠሩት የውሃ መውረጃዎች እስከተጠረጉ ድረስ፣ ጠጠሩ ባለበት ይቆያል። እንግዲህ ለስላሳው ተዳፋት፣ የመኪናው አለመኖርና ጠጠሩ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ናቸው፤ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹም ይጎዳሉ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ጠጠር ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ አይመችም የሚሉ አሉ። ትክክለኛ ሥጋት ነው። መልሱ ደቃቅ ድንጋይ አልብሶ በሚገባ መጠቅጠቅ፣ ሕዝብ በሚበዛበት በከተማ ጠርዝም እንደ አስፈላጊነቱ ማንጠፍ ነው። ሌሎች ደግሞ ጎብኚው ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ስለሚመጣ መንገዱ የመኪና ብዛት አልቀነሰም ይላሉ። በዚህም እውነት አለ። የመዝናኛ መንገድ የትምህርት ቤትና የሥራ መንገድ የሚሆነው መንደርን ከመንደር፣ መንደርን ከአውቶቡስ ጣቢያ ሳይቋረጥ ሲያገናኝ ነው።

የመቆራረጥን ጉዳት ለማየት ከዚያው መንገድ አንርቅም። ዌድብሪጅ ከተማ ሲደረስ የቀድሞው መደብ ለሌላ ግንባታ በመዋሉ፣ ብስክሌተኛው ከከተማው መኪኖች ጋር ተጋፍቶ ማለፍ ግድ ይለዋል። ያ አካባቢ ከተወሰኑ መቶ ሜትሮች ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን ወላጅ ልጁን ብቻውን ለመላክ እንዲያመነታ ያህል ይበቃል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተዘጉት ሌሎች መስመሮች ብዙዎቹ ደግሞ መሬታቸው ተቆራርጦ ተሸጧል፤ ድልድዮቻቸውም ፈርሰዋል። ዛሬ እነርሱን መልሶ ለማገናኘት የሚጠየቀው ዋጋ ጠብቆ ለማቆየት ይጠየቅ ከነበረው እጅግ ይበልጣል።

ለእኛስ?

ይህ ጉዳይ ከእኛ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከተመረቀ ወዲህ በአብዛኛው ከአገልግሎት ውጪ ነው። ከድሬዳዋ እስከ ባሕሩ ዳርቻ 1,200 ሜትር ገደማ የሚወርደው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው፤ በአማካይ በ100 ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ተዳፋት ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት ስንት ቁፋሮ እንደሚጠይቅ የምህንድስና ተማሪዎች አስሉት።

ቆላው እንደ ኮርንዎል ይሁን፣ ሐዲዱ ይነቀል ማለታችን አይደለም። ሐዲዱ ራሱ ቅርስ ነው፤ ነገም ባቡር ሊመለስበት ይችላል። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚደረገው እስኪወሰን ድረስ መደቡ አይቆራረስ፣ ድልድዩ አይፍረስ፣ የውሃ መውረጃው አይደፈን። ምን እንደሚጓዝበት ትውልድ በየዘመኑ ሊወስን ይችላል፤ መንገዱ ራሱ ከጠፋ ግን የሚወሰን ነገር አይኖርም።