የአሮጌ ሱቅ ዕቃ ወዴት ይሄዳል?

ነጋዴ ሱቁን ሲያድስ ወይም ሲዘጋ አሮጌውን ባንኮኒ ለማገዶ፣ ሚዛኑን ለቆራሌው፣ የሒሳብ መዝገቡንም ለመጠቅለያ ያደርገዋል። ይህ ልማድ ምን ያህል ሀብት እንደሚያጠፋ ለመረዳት በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ አገር፣ በደርሃም አውራጃ፣ በሜዳ ላይ የተዘረጋውን የቢሚሽ ሙዚየም መመልከት ይበቃል።

ሙዚየሙ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም መሥራቹ ሚስተር ፍራንክ አትኪንሰን የአካባቢው ሕዝብ የሰጣቸውን ዕቃ ሁሉ፣ ይበጃል አይበጅም ሳይሉ ተቀበሉ። ሌላው ሰው ኮተት የሚለው ዕቃ ዛሬ ከነትራሙ፣ ከነባንኩና ከነከረሜላ መሸጫው አንድ የከተማ መንገድ ሆኖ ቆሟል።

ነጋዴን ይበልጥ የሚመለከተው ግን ከአንፊልድ ፕሌን ተነቅሎ መጥቶ እንደገና የተተከለው የኅብረት ሥራ ማኅበር መደብር ነው። በዚያ ሻጩ ከደንበኛው የተቀበለውን ገንዘብና የሽያጩን ወረቀት ውስጧ ክፍት በሆነ የእንጨት ኳስ ከቶ ወደ ላይ ያነሣታል፤ ኳሷም በዘቅዛቃ ሐዲድ እየተንከባለለች ገንዘብ ያዡ ዘንድ ትደርሳለች። መልሱ በሌላ ሐዲድ ይመጣል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ሞተር የለ! ኳሶቹም በመጠን ስለሚለያዩ እያንዳንዷ ወደ ተነሣችበት ባንኮኒ እንጂ ወደ ሌላው አትወርድም።

ይህ ለጨዋታ የተሠራ አልነበረም። የኅብረት መደብሮች ትርፋቸውን የሚያካፍሉት ለአባሎቻቸው እንደየግዢያቸው መጠን ስለነበር፣ ግዢው ሁሉ በየአባሉ ሒሳብ መመዝገብ ነበረበት። ሸቀጡን አንዱ፣ ገንዘቡን ሌላው ይይዛል፤ አንዱም ሌላውን ይቈጣጠራል። ሥርዓቱን በመጽሐፍ ቢያነቡት ያሰለቻል፤ ኳሷ ስትንከባለል ያየ ግን፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ወዲያው ይገባዋል።

እርግጥ እንዲህ ያለው ሙዚየም የድሮውን ኑሮ ከመጠን በላይ ያሳምራል የሚል ነቀፌታ አለ፤ ነቀፌታውም ከንቱ አይደለም። ሆኖም ቢሚሽ ጎብኚውን አጎንብሶ ወደ ድንጋይ ከሰል ማውጫው ዋሻ ስለሚያስገባው፣ ክሱ በከፊል ይቀልለታል።

በአዲስ አበባ በፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤቱን ማዳን ከነጋዴው ሥልጣን ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ባለድንጋዩን ሚዛን፣ የጨርቅ መለኪያውን፣ የዱቤ መዝገቡንና የአስመጪውን ጥንታዊ ደረሰኝ ግን ማንም ሳያዝዘው ሊያስቀምጥ ይችላል። የንግድ ምክር ቤቶችም ለዚህ አንድ ክፍል ቢለዩ፣ ቀለብ የማይጠይቅ ዕቃ ነውና ወጪው የሚከብድ አይሆንም። የዱቤ መዝገብ የደንበኛን ስምና ዕዳ ስለሚገልጥ ግን፣ ሰጪው ለስንት ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢወስን ይሻላል።