የእንግዳ እግር ስለ ማጠብ በላሊበላ

ስለ ቤት አያያዝ በዚህ ገጽ በተነጋገርን ቍጥር የእንግዳ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። ዛሬ የምንናገረው ግን ከተማው በሙሉ ባለቤት ሆኖ እንግዳ ስለሚቀበልበት ስለ ላሊበላ ነው።

የልደት በዓል፥ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በቀረበ ጊዜ ከላስታና ከዋግ፥ ከጎንደርና ከጎጃም፥ ከሸዋም ጭምር የሚመጣው ምእመን መንገዱን ይሞላዋል። በአውሮፕላንና በአውቶሞቢል የሚመጣው ብዙ ቢሆንም፥ ስለ ስእለቱ ብሎ ብዙ ቀን በእግሩ የሚጓዝ ዛሬም አልጠፋም። እንዲህ ያለው መንገደኛ ወደ ከተማው ሲደርስ በሶውና ዳቦ ቆሎው አልቆ፥ ተረከዙም ተሰነጣጥቆ ነው።

የአገሩ ሰው ውሃ ይዞ ይጠብቀውና፥ ከወዴት መጣህ፥ የማን ወገን ነህ ሳይል እግሩን ያጥበዋል። በታላላቅ ቤት እጅ ማስታጠብ የአሽከር ሥራ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ በዚያ ግን የቤቱ እመቤት ራሷ ዝቅ ትላለች። አብርሃም ለሦስቱ እንግዶች፥ ጌታችንም ለደቀ መዛሙርቱ ካደረጉት የተማሩት ነው። ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታምና ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ሽሮና ቆሎ ነው።

ነገሩን ቀላል የሚያደርገው ሰው ቢኖር የላሊበላን ውሃ አያውቅም። ከተማው በተራራ ላይ ያለ፥ ውሃም እንደ ልብ የማይገኝበት ነው፤ በእንግዳ እግር ላይ የሚፈሰውም አንዲት ሴት በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ነው።

ይልቁንም የ2014 ዓ.ም. ልደት አይረሳም። በ2012 ዓ.ም. በገባው የኮሮና ተስቦ ምክንያት የውጭ አገር ጎብኚ ቀርቶ፥ በእርሱ የሚኖረው ሕዝብ አስቀድሞ ተቸግሮ ነበር። ቀጥሎ ከተማው ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በጦርነት መካከል ቆየ፤ የኤሌክትሪክ መብራትም ተቋረጠ። ጦርነቱ ከከተማው ከራቀ ወር ሳይሞላው ግን በዓሉ ደረሰ፥ እንግዳም መጣ፥ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኵሉ ተባለ። በዚያ ዓመት በየጓዳው የነበረውን እህል የሚያውቁት እመቤቶቹ ብቻ ናቸው።

ወደዚያ የሚሄድ ባለ ማዕርግ ሰው እግሬን አትጠቡ ብሎ ባይከራከር መልካም ነው፥ ባለቤቲቱን ያሳዝናልና። ከስንቁ ጋራ ጥቂት ቡናና አንድ ቁና ጤፍ ቢጨምር ግን ማንም አይቀየመውም። ጎልማሳ ልጅ ያስከተለም እንደ ሆነ፥ ልጁን ጀሪካን አስይዞ በማለዳ ወደ ቧንቧው ቢልከው፥ እመቤቲቱ በዚያ ቀን አንድ ምልልስ ይቀርላታል።