የአደኑ ሜዳ ከጎማ ይጠበቅ

ቅዝቃዜው ሲገባ የኩዌት ሕዝብ ፊቱን ወደ በረሃ ያዞራል። የድንኳን ወቅት በተለምዶ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ይቆያል። በእነዚህ ወራት ከአርዲያ፣ ከፈርዋኒያና ከጀህራ የሚነሡ ጂፖችና ወነይቶች ድንኳን፣ ውኃና ማገዶ ጭነው «በር» ወደሚባለው ሜዳ ይጓዛሉ። ከመኪኖቹ ብዙዎቹን የሚነዳው፣ ድንኳኑን የሚተክለውና ሌሊት የሚጠብቀው ለእንጀራው ሲል ከአገሩ የወጣ ሠራተኛ ነው። ከነዚህም መካከል የዚህ ገጽ አንባብያን የሆኑ ወንድሞቻችን አሉ። ስለዚህ የአደን ሜዳንና የበረሃን ምድር ከመኪና ስለ መጠበቅ የሚነገረው ቃል የአገሬው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በቀደመው ዘመን የአደን ሜዳን ይጠብቅ የነበረው ርቀቱ ነው። አዳኙ ጭልፊቱን በክንዱ ይዞ በግመል ይጓዝ ነበር። የያዘው ውኃ የሚበቃው ለተወሰኑ ቀናት ነው፤ ግመሉም ይደክማል። በመሆኑም አውሬው የሚሸሽበት፣ ወፊቱም እንቁላሏን የምትጥልበት ስፍራ ምንጊዜም ይተርፍ ነበር። መኪና መጥቶ ይህን ርቀት አፈረሰው። ርቀቱ ሲጠፋ በምትኩ ሊቆሙ የሚችሉት ሕግ፣ አጥርና የሰው ሕሊና ናቸው። ሦስቱ ካልተባበሩ ሜዳው አይድንም። የሕጉም ክንድ መሪውን ከያዘው ሾፌር አልፎ «ንዳ» ብሎ ያዘዘውን ሰው ካልደረሰ ሙሉ ፍትሕ ሊባል አይችልም።

የዓረብ ሳላ ታሪክ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። በአገራችን በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የምናውቀው የሳላ ዘመድ የሆነው ይህ ነጭ እንስሳ ከሺህ ዓመታት አደን ተርፎ ኖሯል። ከፈረስና ከግመል ያመለጠው ሳላ ግን ከመኪናና ከአውቶማቲክ ጠመንጃ ሊያመልጥ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በኦማን በረሃ የመጨረሻዎቹ የዱር ሳላዎች ተገደሉ። ዘሩ ከምድር ገጽ ያልጠፋው አስቀድመው ተይዘው በእንክብካቤ እንዲራቡ የተደረጉ ጥቂት ሳላዎች ስለ ነበሩ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። ኦማን እ.ኤ.አ. በ1982 ሳላን ወደ በረሃው መለሰች። የተለቀቀበት ሜዳ አጥር ስላልነበረው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሕገ ወጥ አዳኞች በመኪና እየገቡ መንጋውን አመናመኑት። የመጠለያውም ስፋት እጅግ እንዲቀነስ ተደረገ። በመጨረሻም ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2007 ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ። ሳዑዲ ዓረቢያ በበኩሏ ከጣኢፍ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘውንና ከ2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋውን ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ዙሪያውን አጠረችው። የስፍራው ስም «መሐዘት አስ-ሰይድ» ሲሆን «ሰይድ» ማለት አደን ነው። መኪናው ከአጥሩ ውጭ ሲቀር ሣሩ ተመለሰ፤ ሳላው፣ ሚዳቋውና ሁባራ የምትባለው የበረሃ ወፍም ዳግም ኖሩበት። ይሁን እንጂ ድርቅ በበረታባቸው ዓመታት ያው አጥር እንስሳቱ ዝናብ ወደ ጣለበት እንዳይሄዱ ስለ ከለከላቸው ብዙዎቹ በውስጡ አለቁ። አጥር አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰፊ ምድር ካልተጠበቀ አጥሩ ደሴት ሆኖ ይቀራል።

መኪና በረሃን የሚጎዳው አውሬ በማሳደድ ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የኩዌት ዓመታዊ ዝናብ ከ120 ሚሊ ሜትር ገደማ አይበልጥም። በዚህ ጥቂት ውኃ የሚኖረው ሁሉ የተንጠለጠለው በመሬቱ ስስ ገጽ ላይ ነው። ጎማ ይህን ገጽ ሲሰብረው የላላው አፈር በነፋስ ይወሰዳል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ተጠቅጥቆ ስለሚጠነክር ዝናቡ አይሰርግበትም፤ ዘሩም አይበቅልበትም። የኩዌት ብሔራዊ አበባ የሆነው ባለ ቢጫ አበባው ዐርፈጅ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ዐርፈጅ ሲጠፋ ግመሉ ግጦሹን ያጣል፤ አሸዋውም የሚይዘው ሥር አጥቶ በአቧራ ማዕበል መልክ ወደ ከተማው ይመለሳል። ደብ የሚባለው እንሽላሊት ጉድጓዱ ይደረመስበታል። ከዝናብ በኋላ ሰው ሁሉ በጉጉት የሚፈልገው «ፈቅዕ» የተባለው የበረሃ እንጉዳይም አብሮት የሚያድገው ቁጥቋጦ ከተደመሰሰ አይገኝም። አንድ መኪና ያለፈበትን ፈለግ ሌላው ይከተላል። ፈለጉ ሲሰባበር ሦስተኛው ከጎኑ አዲስ ይከፍታል፤ እንዲህ እያለ አንድ መንገድ አሥር ይሆናል።

ኩዌት የተረገጠ ምድር ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1991 የወራሪው ጦር ታንኮችና ምሽጎች በረሃውን አረሱት፤ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችም ተቃጠሉ። ለተጎዳው ምድር ማገገሚያ የሚሆን ካሣ በተባበሩት መንግሥታት የካሣ ኮሚሽን በኩል ተፈርዶላታል። ከወራሪ ካሣ የተጠየቀበትን አፈር በገዛ ጎማችን ለጨዋታ ብለን ስናፈርሰው ግን ካሣውን ከማን ልንጠይቅ ነው? ከዚያ ጦርነት የተረፉ ፈንጂዎች እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በበረሃው ሲገኙ መቆየታቸውም ከተለመደው መንገድ መውጣት ለነፍስም አደጋ መሆኑን ያስታውሰናል።

መንግሥት የወሰዳቸው እርምጃዎች የሚመሰገኑ ናቸው። ከኩዌት ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን፣ በጃል አዝ-ዞር ገደል አካባቢ ያለው የሰባሕ አል-አሕመድ ጥብቅ ስፍራ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውና የታጠረ ነው። በአጥሩ ውስጥ ያለው ቁጥቋጦ ከውጭው ራቁት መሬት ጋር ሲነጻጸር የጥበቃ ፍሬ በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 42ም ጥበቃ የተሰጣቸውን የዱር እንስሳት ማደንና ማወክን ከልክሎ፣ አፈጻጸሙን የሚከታተል የአካባቢ ፖሊስ እንዲቋቋም አድርጓል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። ለጋራ ጥቅም ተከልሎ የሚጠበቅ መሬት በሸሪዓችን «ሒማ» ይባላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አን-ነቂዕ የተባለውን ሜዳ ለሙስሊሞች ፈረሶች ግጦሽ ከልለዋል። በመካ ሐረም ደግሞ የተከለከለው መግደል ብቻ አይደለም፤ አውሬውን ከተጠለለበት ማስደንገጥና ማባረርም ክልክል ነው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ ስለ አደን ሲናገር፣ ታዳኙ እንስሳ ለእጅና ለጦር ቅርብ መሆኑ ራሱ ለምእመናን ፈተና እንደ ሆነ ያስተምራል። በዘመናችን መኪና ሁሉንም ነገር ለእጅ አቅርቧል። እንግዲህ ፈተናው ከብዷል እንጂ አልቀለለም።

ከሒማ ታሪክ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው የኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ትእዛዝ ነው። ዑመር ሒማውን እንዲጠብቅ የሾሙት ሁነይ የተባለውን ነፃ የወጣ አገልጋያቸውን ነበር። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የተበዳይን እርግማን እንዲፈራ፣ የታላላቆቹን ባለጸጎች የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑሥማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ምክንያታቸውም ባለጸጎቹ ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምር ማሳና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ከኸሊፋው ደጅ ይቆማል የሚል ነበር። በዚህ ትእዛዝ መሠረት ጠባቂው ትንሽ ሰው ሆኖ ሳለ የትልቁን ሰው መንጋ ለመመለስ ሙሉ ሥልጣን ነበረው።

ዛሬ ግን ነገሩ የተገላበጠበት ጊዜ አለ። ዘበኛው መኪናውን ቢያስቆም ይሰደባል፤ ሾፌሩ «ከዚህ አልወርድም» ቢል ሥራውን ያጣል፤ ጥፋቱ ሲታወቅ ደግሞ የሚጠየቀው መሪውን ይዞ የተገኘው ነው። አንዳንዶች ጥበቃው ሲጠብቅ የአባቶች ባህል የሆነው የጭልፊት አደንና የበረሃ ሕይወት ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ሁባራ በሌለበት ጭልፊት ምን ያድናል? ባህሉን የሚያጠፋው ክልከላው ሳይሆን የሜዳው ባዶ መሆን ነው። የድሃ እረኛና የመዝናኛ መኪና ሰልፍ እኩል መታየት እንደሌለባቸውም ዑመር አስቀድመው ለይተው አሳይተውናል።

በአገራችንም የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ አባ ጌራ በሚላቸው አለቆች እየተመራ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ የሚከፍተውም ሣሩ በበቂ ሲያድግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ በኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ያ ሜዳ የቆየው በሽቦ አጥር ሳይሆን በስምምነት ነው።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል እንላለን። አንደኛ፣ ወደ ድንኳን ስፍራዎች የሚወስዱ መንገዶች በግልጽ ተለይተው ይመልከቱ፤ ከእነርሱ ውጭ መንዳትም በጥብቅ ይከልከል። ሁለተኛ፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ከዓረብኛ ጎን ለጎን ሾፌሮችና ዘበኞች በሚያነቡአቸው ቋንቋዎች፣ በአማርኛም ጭምር ይጻፉ፤ ያላነበበውን ሰው መቅጣት ይቻል ይሆናል፣ ማስተማር ግን አይቻልም። ሦስተኛ፣ ጥፋት ሲገኝ ጥያቄው ከሾፌሩ ተጀምሮ ወደ መኪናው ባለቤትና ወደ አዛዡ ይድረስ።

ወንድሞቻችንም የድርሻችን አለብን። ከአሠሪው ጋር ወደ በረሃ የሚወጣ ሾፌር ከመነሣቱ በፊት መንገዱን ይጠይቅ፤ ከጥብቅ ስፍራ አጥር እንዲገባ ቢታዘዝ ሕጉን በአክብሮት ያስታውስ። የቀደመው መኪና በሄደበት ፈለግ ይሂድ እንጂ አዲስ አይክፈት። ለማገዶ ዐርፈጅ አይንቀል፤ ቆሻሻውንም ሰብስቦ ይመለስ። ይህ አሠሪን መናቅ አይደለም፤ በአደራ የተሰጠን መኪናም ምድርም ማክበር ነው። አሠሪዎችም የሠራተኛቸውን ማሳሰቢያ እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ምክር ይቀበሉት። ሁነይ ከታላላቅ ሰሓቦች መንጋ ፊት ሊቆም የቻለው ከኋላው ዑመር ስለ ነበሩ ነው። የዛሬው ዘበኛና ሾፌርም ከኋላው ሕጉ መቆሙን ሊያውቅ ይገባዋል።

አላህ አደራችንን የምንወጣ ያድርገን። ወቢላሂ ተውፊቅ።