ዕቃዎችና ሥራቸው፦ የዋሻ መብራትና የዋሻ መለኪያ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሚዛን ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ዋሻ ዕቃዎች እንነጋገራለን።

ነገሩ የተነሣው በማታው ትምህርት ላይ ነው። አንዲት እናት ዘግይተው መጡ።

«እማማ፣ ምነው ዛሬ ቆዩ?» አልናቸው።

«ምን እባካችሁ ልጆቼ፤ ፍየል ዋሻ ገባችብን። ልጁ ችቦ ይዞ ተከተላት። ችቦው ከውስጥ አለቀበት። ግድግዳ እየዳሰሰ ሲወጣ መሸ» አሉን።

ከዚያም ጥቂት አሰቡና፣ «ለመሆኑ፣ ዋሻ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሰው በምን ያያል? መንገዱንስ በምን ያውቀዋል?» ብለው ጠየቁን።

ጥያቄው ሁለት ነው። እኛም መልሱን በሁለት ከፍለን ጻፍነው። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፩. በምን ያያል?

የዋሻ ጨለማ እንደ ሌሊት ጨለማ አይደለም። ሌሊት ኮከብ አለ። ዓይናችን ቀስ እያለ ይለምደዋል። ከዋሻው ጥልቅ ግን ምንም ብርሃን የለም። እጃችንን ከዓይናችን ፊት ብናደርገው አናየውም። ብዙ ብንቆይም ዓይናችን አይለምደውም።

ድሮ ሰዎች በችቦና በሻማ ይገቡ ነበር። ማርቴል የሚባል ፈረንሳዊ የዋሻ አጥኚ ነበር። በ1889 ፓዲራክ ወደሚባል ትልቅ ገደል በገመድ መሰላል ወረደ። ገደሉ 75 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከሥሩም የሚፈስ ወንዝ አገኘ። በዚያ ዘመን የዋሻ ሰዎች ዋና መብራት ሻማ ነበር። ሻማ ግን ነፋስ ያጠፋዋል። ከላይ የሚንጠባጠብ ውሃም ያጠፋዋል።

ከዚያ በኋላ የካርባይድ መብራት መጣ። ካርባይድ ግራጫ ድንጋይ ይመስላል። ከተማ የሄዳችሁ በብየዳ ቤት አይታችሁት ይሆናል። የሚሠራው ከኖራና ከከሰል ነው። ሁለቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በጣም ከፍተኛ በሆነ ሙቀት አብረው ይቀልጣሉ።

ዊልሰን የሚባል ካናዳዊ በ1892 በአሜሪካ አገር አሉሚኒየም ለማውጣት ይሞክር ነበር። አሉሚኒየሙን አላገኘም። ከምድጃው የወጣው ነገር ውሃ ሲነካው ግን ጋዝ ሰጠ። ጋዙም ተቀጣጠለ። ካርባይድ በብዛት መሠራት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1900 ባልድዊን የሚባል አሜሪካዊ ለብስክሌት የሚሆን የካርባይድ መብራት አወጣ። ቀጥሎም የማዕድን ቆፋሪዎች ከቆባቸው ላይ አሰሩት። ከእነርሱ የዋሻ ሰዎች ወሰዱት።

አሁን አሠራሩን እንይ። መብራቱ ትንሽ ነው። ቁመቱ ስንዝር አይሞላም። ሁለት ቤት አለው። በላይኛው ቤት ውሃ ይጨመራል። በታችኛው ቤት ካርባይድ ይጨመራል። ትንሿን መዝጊያ ስንከፍት ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ውሃው ካርባይዱን ሲነካ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በቀጭን ቱቦ አልፎ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። እሳት ስንለኩስበት ነጭ ነበልባል ይሆናል። ከኋላው እንደ መስተዋት የሚያበራ ሳህን አለ። ሳህኑ ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሰዋል። ውሃው ሲበዛ ነበልባሉ ያድጋል፤ ሲያንስ ይቀንሳል።

ትንሹ መብራት አንድ ጊዜ ከተሞላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ይበራል። ካርባይዱ ሲያልቅ የሚቀረው ምንድን ነው? ነጭ ጭቃ ነው፤ ኖራ ነው። ከኖራ ተነሥቶ ወደ ኖራ ይመለሳል ማለት ነው። ይህን ጭቃ ዋሻ ውስጥ መድፋት ነውር ነው። ውሃውን ያበላሻል፤ በውሃው የሚኖሩትን ትንንሽ ፍጥረቶችም ይገድላል። በከረጢት ተይዞ ይወጣል።

ካርባይድ አደጋ አለው። 1 ኪሎ ካርባይድ 300 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ስለዚህ ካርባይድ የሚቀመጠው በደረቅና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ነው። ዕቃው እሳት አጠገብ አይከፈትም። ለሕፃናት መጫወቻ አይሰጥም።

ስለ አየርም አንድ ነገር እንንገራችሁ። የእህል ጉድጓድ እንደተከፈተ ወዲያው እንደማይገባበት እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በአንዳንድ ዋሻም የታፈነ መጥፎ አየር አለ። ነበልባል እየደከመ ከሄደ ወዲያው መመለስ ነው። ነገር ግን «ነበልባሉ ስላልጠፋ አየሩ ደህና ነው» ብሎ መተማመን አይገባም። ሰው በማይችለው አየርም ነበልባል ሊበራ ይችላል።

የዋሻ ሰዎች አንድ ሕግ አላቸው። እያንዳንዱ ሰው 3 መብራት ይይዛል። አንዱ ሲበላሽ ሁለተኛው አለ። ሁለተኛው ቢወድቅ ሦስተኛው አለ። የእማማ ልጅ የያዘው 1 ችቦ ብቻ ነበር።

፪. መንገዱን በምን ያውቀዋል?

መብራት ያለንበትን ቦታ ያሳያል። የመጣንበትን መንገድ ግን አያስታውስም። ለዚህ የሚያገለግለው ልክና ጽሑፍ ነው።

የዋሻ ለኪዎች ዋና ዕቃዎች 3 ናቸው።

የመጀመሪያው ሜትር ነው። ርቀት ይለካል።

ሁለተኛው ኮምፓስ ነው። አቅጣጫ ያሳያል። ሰሜን 0 ነው፤ ምሥራቅ 90፤ ደቡብ 180፤ ምዕራብ 270።

ሦስተኛው የቁልቁለት መለኪያ ነው። መንገዱ ምን ያህል እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ ይናገራል። ደልዳላ መሬት 0 ነው። ቀጥ ያለ ገደል 90 ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ ሰው መብራቱን ይዞ ወደ ፊት ይሄድና ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ይቆማል። ሌላው ሰው ከኋላ ቆሞ በኮምፓሱ ያንን መብራት ያነጣጥራል። እንግዲህ መብራቱ ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመታየትም ነው። ሜትሩ በሁለቱ መካከል ይወጠራል። ኮምፓስ የያዘው 3 ቁጥሮች ጮክ ብሎ ይናገራል። ሦስተኛው ሰው ጸሐፊ ነው። የሰማውን ቁጥር መልሶ ይናገራል፤ «ልክ ነው» ሲባል ይጽፋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ነጥብ ይሄዳሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። ጸሐፊው «10 ሜትር፣ ምሥራቅ 90፣ ቁልቁለት 30» ብሎ ጻፈ እንበል። ይህ ማለት ለኪዎቹ ወደ ምሥራቅ 10 ሜትር ሄደዋል፤ በጥልቀት ግን 5 ሜትር ወርደዋል ማለት ነው። በካርታ ላይ የሚሰመረው መሥመር 10 ሜትር አይሞላም። 8 ሜትር ከ66 ሳንቲም ይሆናል። ቁልቁለቱ ከርቀቱ ላይ ይቀንሳልና።

ኮምፓስ ብረት ያሳስተዋል። ገጀራ ወይም የብረት ቁልፍ አጠገቡ ካለ መርፌው ይዞራል። ከነሐስ የተሠራ የካርባይድ መብራት ግን መርፌውን አይስበውም። የዋሻ ለኪዎች የወደዱት አንዱ በዚህ ነው።

ከብረት ይበልጥ የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ፤ የጽሑፍ ስሕተት ነው። 52 የተባለውን 25 ብሎ የጻፈ ሰው የዋሻውን መንገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ልክ ሁሉ በተሳሳተ ቦታ ይሰመራል። ዙሪያ ገጥሞ ወደ መጀመሪያው ነጥብ የሚመለስ መንገድ ሲገኝ ለኪዎች ደስ የሚላቸው ለዚህ ነው። በወረቀቱም ላይ መሥመሩ ዞሮ መግጠም አለበት። በጣም ርቆ ከቀረ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለ። ተመልሶ መለካት ግድ ይሆናል።

በአገራችን የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ። ያለው በባሌ፣ ከሮቤ ከተማ በስተ ምሥራቅ ነው። ስሙ ከሼኽ ሶፍ ዑመር የመጣ ነው፤ እስከ ዛሬም የተከበረ የጸሎት ቦታ ነው። ዋሻውን በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሠራው የወይብ ወንዝ ነው። ወንዙ በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላ በኩል ይወጣል። የውስጡ መንገዶች ብዙ ናቸው። ይለያያሉ፤ ተመልሰውም ይገናኛሉ። በ1972 የእንግሊዝ አገር የዋሻ አጥኚዎች መጥተው ለኩት። የመንገዶቹ ርዝመት ሲደመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ብርቱ እግረኛ በሜዳ 3 ሰዓት የሚሄደው ነው። የአካባቢው ሰው ዋሻውን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ይሳለመዋል። ርዝመቱን በቁጥር ለመናገር ግን በነጥብና በነጥብ መካከል እየለኩ መጻፍ አስፈለገ።

ዛሬ የካርባይድ መብራት በአብዛኛው ቀርቷል። የዋሻ ሰዎች በባትሪ የሚሠራ የራስ መብራት ያስራሉ። በሜትር ፈንታም ርቀትን በብርሃን ጨረር የሚለካ ዕቃ መጥቷል። ዕቃው ተለወጠ እንጂ 3ቱ ቁጥሮች አልተለወጡም። ዛሬም ርቀት፣ አቅጣጫና ቁልቁለት ናቸው።

ይህን መልስ ለእማማ በክፍል አነበብንላቸው። እርሳቸውም፣ «እንግዲያው መብራት የያዘው ሰውዬውን ያወጣዋል፤ የጻፈው ደግሞ ዋሻውን ያወጣዋል» አሉን። እኛ ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘንም። በማግሥቱም ለልጃቸው አንድ ወረቀት በእጃቸው ጽፈው ከበሩ ላይ ለጠፉ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «ብቻህን አትግባ። 3 መብራት ያዝ። ሳትነግረኝ አትሂድ።» ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል። ግን ይነበባል።

የቃላት ፍቺ
ጋዝ፦ እንደ አየር ያለ፣ በእጅ የማይጨበጥ ነገር።
ነበልባል፦ የሚበራው የእሳት ምላስ።
ኮምፓስ፦ ሰሜንን የሚያሳይ ባለ መርፌ ዕቃ።

ጥያቄዎች
1. በካርባይድ መብራት ላይኛው ቤት ምን ይጨመራል? በታችኛውስ?
2. ጸሐፊው ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት መልሶ የሚናገረው ለምንድን ነው?
3. ከቤታችሁ በር እስከ ውሃ መቅጃው ስንት እርምጃ ነው? በየት አቅጣጫ ነው? ቁልቁለት ነው ወይስ ዳገት? ለክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉና ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ።

በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ዕቃ እንገናኛለን። ደህና ሰንብቱ።