ርካሹ ደቂቃ ስንት ያስከፍላል?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ለንደን ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በሬን አንኳኩተው ገቡና አንድ ባለቀለም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። አገር ቤት በግማሽ ዋጋ ትደውያለሽ ነው የምትለው?» አሉኝ። እውነትም ወረቀቷ የምትለው እንደዚያ ነው። የቤት ስልካቸውን ወደ አዲሱ ኩባንያ ካዛወሩ ወደ ኢትዮጵያ የሚደውሉበት የደቂቃ ዋጋ በግማሽ ይቀንስላቸዋል። ከታች የፊርማ ቦታ አለ። «ታዲያ ልፈርም ወይስ ልተወው?»

«ለምን በዋትስአፕ አይደውሉም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ደሴ ያሉት ታላቅ እህታቸው ስልክ ግን ኢንተርኔት የማያውቅ ትንሽዬ ቀፎ ነው። ስማርት ስልክ ቢኖራቸውም ሁልጊዜ አያስተማምንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ነጻ የሚባለው ጥሪ ሁሉ አብሮ ጠፍቶ እንደነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ተራው የስልክ ጥሪ ለእማማ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ዋጋው ደግሞ ከጡረታቸው ላይ የሚቆረጥ ነው።

እናም ወረቀቷን በደንብ አነበብኳት። በትልቁ የተጻፈው የደቂቃ ዋጋ ነው። በትንሹ የተጻፈው ግን ሁለት ነገር ይጨምራል፤ ጥሪው በተነሳ ቁጥር የማገናኛ ክፍያ አለ፣ የተጀመረች ደቂቃም እንደ ሙሉ ደቂቃ ትቆጠራለች። ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር እንስጠው። አንዱ ኩባንያ ደቂቃውን በ20 ፔንስ ሸጦ ለማገናኛ 20 ፔንስ ይጨምር፤ ሌላው ደቂቃውን በ24 ፔንስ ሸጦ ሌላ ምንም አይጨምር። ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ ሁለተኛው ይረክሳል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የመጀመሪያው። የኛ ሰው ደግሞ ሰላምታው ብቻ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የሚያዋጣ ይመስላል። 10 ደቂቃ ሲያወሩ 2 ፓውንድ ከ20 ይሆናል፣ በሌላው 2 ፓውንድ ከ40።

ችግሩ መስመሩ ይቆረጣል። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» ተብሎ ሁለቴ እንደገና ከተደወለ የማገናኛው ክፍያ ሦስት ጊዜ ይከፈላል። ያው 10 ደቂቃ 2 ፓውንድ ከ60 ገባ ማለት ነው፤ ወደ ሙሉ ደቂቃ የሚጠጋጋው ገና ሳይቆጠር። ርካሹ ተወደደ። ለእንግሊዝ ሰው ወደ እንግሊዝ ሲደውል የማይታወቀው ይህ ወጪ ወደ ደሴ ለሚደውል ዋናው ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ለመሆኑ በምን ምክንያት ረከሰ? ወደ ኢትዮጵያ የሚደረግ ጥሪ ዋጋ አብዛኛው የሚወሰነው ለንደን አይደለም። ጥሪውን ተቀብሎ እህትየው ጋ የሚያደርሰው የአገር ቤቱ ኦፕሬተር ለየደቂቃው የማድረሻ ክፍያ ያስከፍላል። ወደ ሕንድ በጥቂት ሳንቲም እየተደወለ ወደ እኛ የሚወደደው ይህ ክፍያ ከፍተኛ ስለሆነ ነው። ክፍያው የውጭ ምንዛሪ የሚያስገባ ገቢ ስለሆነ መንግሥት በቀላሉ የሚለቀው አይደለም።

እንግዲህ የለንደኑ ነጋዴ ከማድረሻው ክፍያ በታች ሸጦ ሊኖር አይችልም። ወይ ጉድለቱን በማገናኛና በወርሃዊ ክፍያ ያካክሳል፣ ወይ ጥሪውን በጓሮ በር ያስገባል። የጓሮው በር ሲም ቦክስ የሚባለው ነው። ጥሪው በኢንተርኔት አገር ቤት ይገባና ከአንድ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ እንደተደወለ ሆኖ ይደርሳል። ምልክቱም እዚያ ያለው ሰው ስልክ ላይ የማያውቀው የአገር ውስጥ ቁጥር መታየቱ ነው። የእማማ እህት «የማን ቁጥር ነው?» ብለው ሳያነሱት ይቀራሉ። ሲሙ ተደርሶበት ሲዘጋ ደግሞ ጥሪውም ይጠፋል። ይህን ሥራ መሥራት በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በወንጀል ያስቀጣል። ደዋዩ ግን የከፈለው ለየትኛው መንገድ እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ዋጋ የሚቀንስ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደቂቃ በብዛት ገዝተው በእውነት የሚያረክሱ አሉ። ሆኖም የማድረሻው ክፍያ ሲንር የጓሮውን ንግድ ራሱ እንደሚያደልበው አዲስ አበባ ላይ ታሪፍ የሚያወጡት ሰዎች ሊያስቡበት ይገባል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሦስተኛው ነገር ነው። እማማ ከአንገታቸው የማይለይ ቁልፍ አለ። ከወደቁ ይጫኑታል፤ በቤት ስልኩ መስመር በኩል እርዳታ ይጠራላቸዋል። እንግሊዝ የድሮውን የመዳብ ሽቦ ስልክ ልትዘጋው እ.ኤ.አ. እስከ ጃንዋሪ 2027 መጨረሻ ቀን ቆርጣለታለች። መጀመሪያ የተባለው በ2025 መጨረሻ ነበር፤ የተገፋው ደግሞ በአብዛኛው እንደ እማማ ባሉ ሰዎች ምክንያት ነው። የመዳቡ ስልክ ኃይሉን ከማዕከሉ ስለሚያገኝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አዲሱ ግን ራውተር ላይ የሚሰካ በመሆኑ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም፣ ሌላ አማራጭ ለሌላቸው ሰዎች ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ የሚያስችል መጠባበቂያ እንዲቀርብ ይጠብቃል። ይህን ለማግኘት ግን ኩባንያው እማማ ማን እንደሆኑ ማወቅ አለበት። ወረቀቷ ላይ ስለ አንገት ቁልፍ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም። ፈርመው መስመሩ ዲጂታል ቢሆንና ቁልፉ ባይሠራ የሚያውቁት በወደቁ ቀን ነው።

ባሉበት መቆየትም ቢሆን በነጻ አይደለም። ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገው ምርመራ ኢንተርኔት ሳይኖራቸው የቤት ስልክ ብቻ ያላቸው ደንበኞች፣ በአብዛኛው አረጋውያን፣ ኩባንያ ስለማይቀይሩ ከሚገባው በላይ እየከፈሉ እንደነበር ደርሶበታል። ቢቲ ለእነዚህ ሰዎች የመስመር ኪራዩን በ2018 ከ18 ፓውንድ ከ99 ወደ 11 ፓውንድ ከ99 ዝቅ ለማድረግ የተስማማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «አይንኩት፣ ይተዉት» የሚለውም ምክር ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ለእማማ የነገርኳቸው ይህንን ነው። መስመሩና ጥሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥሪውን ለማርከስ ብለው መስመሩን አይስጡ። መስመሩ ባለበት ይቆይ፣ የአንገት ቁልፍ እንዳላቸውም ለስልኩም ለቁልፉም ኩባንያ ይነገር። ርካሽ ጥሪ ለብቻው ይገዛል፤ አስቀድሞ ገንዘብ ተሞልቶ በ020 ወይም በ03 በሚጀምር ቁጥር በኩል የሚደወልበት አለ። በ084 ወይም በ087 የሚጀምረውን ግን እንዲሸሹት ነገርኳቸው፤ እሱ በራሱ ሌላ ክፍያ አለው። አንድ ቀን መቀየር ቢያስፈልግ እንኳ የድሮውን መስመር ቀድመው እንዳያዘጉ፤ እህታቸው በቃላቸው የያዙት ያ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለአዲሱ ኩባንያ መንገር ብቻ ይበቃል፤ ቁጥሩም አብሮ እንዲዛወር መጠየቅ ነው።

በ5 ፓውንድ ሞከርነው። ከእኔ ቤት ሆነው ደሴ ደወሉ። እህትየው አነሱት። እማማ ከሰላምታው በፊት ያስጠየቅኳቸውን ጠየቁ፤ «እስቲ፣ ምን ቁጥር ነው የወጣልሽ?» የለንደን ቁጥር ነበር። ወረቀቷ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ ሳይፈረምባት።